እስክትመጪ የተሸፈነው ስቶቭ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እህቴ ለጀሚላ ኢብራሂም፣

አሰላሙ ዓለይኪ ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ እንዴት ነው? የዚያ የሰዎቹ ቤት ደረጃ ያመጣብሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ እንደያዘሽ ነው? በረኪናው እጅሽ ላይ ያወጣብሽ ቁስል ደረቀልሽ? እህል ትቀምሻለሽ? ማዳምሽ አርብ አርብ ታሳርፍሻለች ወይስ እንግዳ መጣ እያለች አሁንም ታስነሳሻለች? እኔማ አንቺን ሳስብ ጉንጭሽ እንኳ ሞላ ይሁን ጎደለ አላውቀው። እኛ ለአላህ ምስጋና ይግባውና በሕይወት አለን። ደብዳቤ ሲጻፍ «ደህና ነን» ማለት ወጉ ነው፤ ዛሬ ግን በሕይወት አለን ከማለት አላልፍም፣ አትቀየሚኝ።

ይህን ወረቀት የምታደርስልሽ ጎረቤታችን ኢክራም ናት። ፈቃዷን ጨርሳ ወደ ጅዳ ልትመለስ ስለሆነ ሻንጣዋ ውስጥ ከልብሷ ሥር አድርጋዋለች። ከአንቺ እጅ በቀር ለማንም እንዳትሰጥ አስጠንቅቄያታለሁ። በስልክ ለምን አልነገርሽኝም ትዪ ይሆናል። እማ ሁላችንንም አልጋዋ ዙሪያ ሰብስባ «ለጀሚላ በስልክ አንዲት ቃል ብትተነፍሱ የጠባችሁት ጡት ይፋረዳችሁ» ብላ አስምላናለች። በስልክ ነው ያለችው። ስለ ወረቀት የተነሳ ነገር የለም፤ እኔም ያልማልኩትን አላፈርስም። እንግዲህ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፣ ቆመሽ አይሆንም።

ነገሩ የሚጀምረው ካንቺው ስቶቭ ነው። አንቺ ገንዘቡን ልከሽልን ባሕር ዳር ገዝተነው፣ በአይሱዙ ተጭኖ፣ አንበሳሜ ላይ ዝናብ አግኝቶት በሸራ ተጠቅልሎ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ እንዳወረደው በፎቶ አይተሻል። በፎቶ ያላየሽው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። እማ «ላቧን ያፈሰሰችበት ልጄ መጥታ በእጇ ሳታበራው ማንም አይነካውም» አለች። ፕላስቲኩ ሳይላጥ፣ የተለጠፈበት ወረቀት ሳይነሳ ሳሎን አስገባችው፣ ከእህሉ ጆንያ ጎን። የሰው ዓይን እንዳይበላው ደግሞ ራሷ የሠራችውን ዳንቴል ከላይ እስከ ታች አለበሰችው። እንግዳ ሲመጣ ጫፉን ገለጥ አድርጋ ታሳይና ቶሎ ትመልሰዋለች። «እማ፣ ሙሽራ ነው እንዴ?» እያልኩ እስቅባት ነበር። እኛ ጓሮ በከሰል ጭስ ዓይናችን እየጠፋ ስናበስል እሱ ሳሎን ተከናንቦ ይቀመጣል።

የአንድ ዓመት ዋስትና ነበረው። ለካ እየቆጠረ ነው! እማ ዋስትናው የሚጀምረው ስቶቩ ከበራበት ቀን ይመስላት ነበር፤ «ያልተነካ ዕቃ ምኑ ያልፍበታል?» ትላለች። እኛም ነገሬ አላልነውም። በኋላ ወንድምሽ ነስሩ ለባለሱቁ ደውሎ ሲጠይቀው ሰውዬው «የሚቆጠረው ከተገዛበት ቀን ነው፣ ጊዜው አልፏል» ብሎት ዘጋው። ሰውዬውስ ምን ያድርግ? ስናሽሞነሙን ያሳለፍነው እኛ ነን።

በመውሊድ ሰሞን አንቺ ደውለሽ «ኮንትራቴ ሊያልቅ ነው፣ ለዒድ እገባለሁ፣ ዳቦ ቤት እንከፍታለን፤ ሰልማ እጇን ታፍታታ፣ ስቶቩን ሞክሩት» ስትያት እማ እንዴት እንደሆነች ባየሽልኝ! ቤቱን ጠራርጋ፣ እኔን ስታዋክበኝ ውላ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ለአርብ ጠራች። ነስሩ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ገባና እኔ እቀጥለዋለሁ አለ። ከዚያች ባጃጅ ጋር ሲታገል ስለሚውል ሽቦ የተባለውን ሁሉ የሚያውቅ ይመስለዋል። ከስቶቩ የሚወጣው ገመድ ውስጡ ሦስት ሽቦ ነው፤ የቲቪው ሶኬት ጋ ያለን ግን ሁለት ብቻ። ሁለቱን ከሁለቱ አገናኘና ሦስተኛዋን፣ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያላትን፣ «ይቺ ትርፍ ናት» ብሎ ቆርጦ በፕላስተር ጠቀለላት። ኮረንቲ ሲያመልጥ ሰው ሳይዝ ወደ መሬት የምትወስደው እሷ እንደሆነች ያወቅነው ኋላ ነው። ትርፍ አላት እትዬ! የእናታችንን ነፍስ የያዘችውን ሽቦ!

አርብ ከጁምዓ መልስ አባ ዱዓ አደረጉ፣ ሰዉ አሚን አለ። ያን ጊዜ እማ «እንዲህ ያለ ሲሳይ ያለ ውዱእ አይነካም» ብላ ገብታ ታጥባ መጣች። እጇም እግሯም ውሃ ያንጠባጥባል፣ ጫማ የላት፣ የቆመችው ሲሚንቶው ላይ። ዳንቴሉን ገፈፈች፣ ነስሩ አበራው፣ እሷ ቢስሚላህ ብላ የኦቭኑን እጀታ ጨበጠች። ጨበጠች ነው የምልሽ፤ መልሳ መልቀቅ አልቻለችም። ድምፅ እንኳ አልወጣትም። ሰውነቷ ሲንቀጠቀጥ እኔ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፣ በደስታ። «ኮረንቲ ይዟታል!» ብለው ከጎረቤቶቹ መሀል የጮኹት እማማ ዓለሚቱ ናቸው። ነስሩ ሮጦ ቆጣሪው ላይ ሲያጠፋው ለቀቃትና በጎኗ የበሩ ደፍ ላይ ወደቀች። ዳሌዋ ሲሰበር ሰማሁት። ወላሂ ሰማሁት፣ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

መዳፏ ተልጦ ነበር፣ እሱስ ዳነ። ለዳሌዋ እዚህ ሐኪም ቤት ወስደናት ራጅ ተነሳችና «በብረት መታሰር አለበት፣ ባሕር ዳር ውሰዷት» አሉን። ያን ሰሞን ደግሞ መንገድ ተዘግቷል። ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል ስንል ወጌሻ አስመጣን፣ አሽተው በቀርከሃ አሰሩላት። መንገዱ ሲከፈት እሷ እምቢ አለች። ለምን እምቢ እንዳለች ስነግርሽ ታብጃለሽ። «መጀመሪያ የጀሚላ ስቶቭ ይሠራ፣ ያለችን ገንዘብም እዚያ ላይ ትዋል፤ ልጄ ስንት ዓመት ለፍታ መጥታ የተቃጠለ ብረት ታግኝ?» አለች። አባ «ለቁራሌው ነው የምሰጠው! ሰው ይቀድማል!» ብለው ጮኹባት። አባ ሲጮኹ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እህል አልቀምስም አለች። ውሃም እምቢ። በመጨረሻ አባ ተሸነፉ፣ ሁላችንም ተሸነፍን።

የሠራው ይሻው የሚባል የገሳይ ሰው ነው፤ ገበያው አጠገብ ፍሪጅና ስቶቭ ይጠግናል። አፉ አያርፍም፣ እየሠራም ይለፈልፋል። የኋላውን ክዳን ፈትቶ ሲያነሳው ወይ ጉድ፣ የአይጥ መንደር! ሙቀት እንዳይወጣ የተጎዘጎዘው ነጭ ጥጥ መሳይ ነገር ተቦጫጭቆ፣ ከእማ ዳንቴል ክር ጋር ተደባልቆ ጎጆ ሆኗል፤ ውስጡ የኛው ስንዴ። የሽቦዎቹ ልባስ ተግጦ አንዱ ራቁቱን ከቆርቆሮው ጋር ተጣብቋል። ይሻው ዳንቴሉን አየና «ከሰው ዓይን ጠብቃችሁ ለአይጥ ጥርስ ሰጣችሁት» አለ። ሳቄ መጣ፤ ሳልጨርሰው ደግሞ አለቀስኩ።

የተበላውን ሽቦ ሁሉ እሳት በሚችል ሽቦ ቀየረው። ከኦቭኑ ሥር ያለው የሚግለው ብረትም እርጥበት ገብቶበት ኖሮ እሱንም ለወጠ። ከቆጣሪው ወፍራም ገመድ ለብቻው ስቦ የራሱ ብሬከር አደረገለት። «በቲቪ ሶኬት ስቶቭ? ቤቱን አለማንደዳችሁ ተመስገን በሉ» እያለ ይሳደባል። ያቺን አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ አይቶ «ይቺን የቆረጠ ማነው?» ሲል ነስሩ ተነስቶ ወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አይደል፤ ሁሉ ነገር የተደረገለት እማ ከወደቀች በኋላ ነው።

ለዚያች ሽቦ ጓሮ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ የብረት ዘንግ ቆሞ፣ ከሰልና ጨው ተደርጎበት ይቀበራል። ነስሩ አካፋውን ለማንም አልሰጥም አለ። ይሻው «ይበቃል» ቢለው አይሰማም። ደረቱ ድረስ ገብቶ ሲቆፍር አባ መጡና «ነስሩ፣ ለማን ነው የምትቆፍረው? ውጣ» አሉት። ይሄኔ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ባጃጁን ነድቶ ይገባል፣ በልቶ ይተኛል፤ ያ ሁሉ ቀልዱ የት እንደገባ እንጃ። ስትመጪ እንዳትወቅሺው። ራሱን ወቅሶ ጨርሷል።

ስቶቩን አሁን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ዋስትና የለውም፣ እኔ ነኝ ያለሁት። መብራት ሲሄድ ብሬከሩን አወርደዋለሁ፤ ሲመጣም ረጋ እስኪል አላነሳውም፣ የኛ መብራት አመጣጡ እንደ እብድ መሆኑን ታውቂያለሽ። ቂጡ የረጠበ ድስት አልጥድበትም። የጋለውን በእርጥብ ጨርቅ አልጠርግም፣ እስኪቀዘቅዝ እጠብቃለሁ። ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጌዋለሁ፣ እህሉንም ከሳሎን አስወጥቻለሁ። ዳንቴል የለ፣ ምን የለ፣ ራቁቱን ነው። በጋው መሬቱን ስላደረቀው ዘንጉ የተቀበረበት ላይ ውሃ አፈሳለሁ፤ እማማ ዓለሚቱ አይተውኝ «ምን ተክለሽ ነው?» አሉኝ። ዳቦውስ? መካድ አይገባም እትዬ፣ ከከሰሉ ጋር አይገናኝም። ላዩ ቀላ ብሎ፣ ውስጡ እንደ ጥጥ። የመጀመሪያውን ቆርሼ ለእማ ወሰድኩላት። አሸተተችውና «ለጀሚላ አስቀምጪላት» አለችኝ። ዳቦ እኮ ነው! ዳቦ ምን ያህል ይቀመጣል?

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። እማ አትነሳም። ለባሕር ዳር የያዝነው ገንዘብ ስቶቩ ላይ አልቆ፣ አጥንቱም ሳይገጥም ቀርቶ፣ ከመተኛት ብዛት ጀርባዋ ቆስሏል። እማማ ዓለሚቱ በየቀኑ እየመጡ አገላብጠው ይይዙልኛል፣ እኔ አጥባታለሁ። ያ ሁሉ ሰውነቷ አልቆ፣ ብታቅፊያት ሕፃን ነው የምትመስልሽ። ከጥር ወዲህ ደግሞ ሳል ጀምሯታል። ሐኪሙን ቤት ድረስ አስመጣነው፤ አይቷት ሲጨርስ አባን ለብቻቸው ይዟቸው ወጣ። ምን እንዳላቸው አባ አልነገሩንም። ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቃቸውን አልከፈቱም፣ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው ይውላሉ።

አንቺ የምትሰሚያት ሌላ እማ ናት። የምትደውዪበት ሰዓት ሲደርስ በትራስ ደግፈን እናስቀምጣታለን፣ ለብ ያለ ውሃ ትጠጣለች፣ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። «ከገበያ አሁን መግባቴ ነው፣ ድካም ነው ልጄ» ትልሻለች። ስትዘጊው በላብ ተነክራ ትወድቃለች። ባለፈው ማዳምሽ ሁለት ዓመት ጨምሪልኝ እንዳለችሽ ነግረሽ «ልፈርም ወይ?» ስትያት «ፈርሚ እንጂ፣ እኛ ምን ጎድሎን፣ ስቶቩም ይጠብቅሻል» ስትል ትራሱን ከጀርባዋ ደግፌ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሻሼን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ነው ዝም ያልኩት። ተናደድኩባት እትዬ፣ እንደዚያ ቀን በእናቴ ተናድጄ አላውቅም።

እንዳትፈርሚ። ስቶቩማ ይጠብቅሻል፣ ብረት ነው፣ ተበላሽቶ ተሠርቷል፣ ቢበላሽም ይሻው አለ። እማ አትጠብቅሽም። ዳቦ ቤቱ ቢፈልግ ይቅር። ረመዳን ደጃችን ላይ ቆሟል፤ ማዳምሽ ለጾሙ የሰው እጅ ስለምትፈልግ ልትይዝሽ ትችላለች። አልቅሺባት፣ እግሯ ላይ ውደቂ፣ እናቴ ልታመልጠኝ ነው በያት፣ ውሸት አይደለም። እዚህ ስትደርሺ እማ «ማነው የነገራት?» ብላ ትቆጣ፤ ሰልማ ናት በያት፣ እኔ ልረገም። የእማን እርግማን እችለዋለሁ። እዚያ ባዕድ አገር ማን ተሰብስቦ መርዶ ያረዳሻል? ብቻሽን፣ የሰው ወጥ ቤት ቆመሽ እንድትሰሚው አልፈልግም። እሱን አልችልም።

አባ ይህን አንብበው መልሰው ሰጡኝና «አላህ መንገዷን ያቅናላት በያት» አሉ። ነስሩ «አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» ይልሻል። እማማ ዓለሚቱ «እመቤቴ ትከተልሽ» ብለው በሁለት ጉንጭሽ ስመውሻል። አብረውሽ ያሉትን ያገራችንን ልጆች ሁሉ ሰላም በዪልኝ። የእማን ሰላምታ አልጻፍኩልሽም። እየጻፍኩልሽ መሆኔን አታውቅም፤ ብጠይቃትም ያው «ደህና ናት በያት» ነው የምትለኝ። የእሷን ሰላምታ መጥተሽ ከአፏ ተቀበዪ፣ ሳይዘጋ ድረሺበት።

የምትወድሽ እህትሽ ሰልማ
ደብረ ታቦር፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.