እንደ ለንደን ልጃገረዶች የተቆረጥኩት ጸጉር

ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድሜ ታዲዮስ፣

እንደምን ከረምክ? ጤናህስ? ያ የለንደን ብርድ ደረትህን አላመመህም? ሥራውስ፣ ጎረቤቱስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ ዝናቡ ብቻ ሲወርድ ውሎ ሲወርድ ያድራል። ደህና ነህ ወይ ብዬ የምጠይቅህ ግን ዛሬ ለወግ አይደለም። ደህና መሆንህን የሚያምን ሰው እዚህ እያነሰ ሄዷል። ነገሩ የጀመረው አንተ በላክኸው መጽሐፍ ነው።

አብሮህ የሚሠራው የዲጋ ወረዳው ልጅ ነብዩ ለእረፍት ሲመጣ የፎቶ መጽሐፉን አደረሰልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግማሽ ልቤ እዚህ የለም። ከስልሳ ዓመት በፊት በነበረችው ለንደን ስዞር እውላለሁ። ነብዩ ከፎቶዎቹ ሥር ያለውን እያነበበ እንደነገረኝ፣ ያኔ ሞድ የሚባሉ ወጣቶች ነበሩ። ወንዶቹ ጠባብ ሱፍ ለብሰው ሽክ ብለው፣ መስታወት በተደረደረበት ሞተር ላይ ተቀምጠዋል፤ የኛ ባጃጅ ነጂዎች ቢያዩአቸው በቅናት ይሞታሉ። ሴቶቹ ቀጥ ብሎ የወረደ አጭር ቀሚስ ለብሰው፣ ዓይናቸውን ኩል ተኩለው አግዝፈው፣ የሚሄዱበትን የማያውቁ መስለው ይራመዳሉ። ከሁሉ የገረመኝ ግን ቅጥነታቸው ነው። "ይህች ልጅ ምን በልቷት ነው?" እየተባለልኝ ያደግሁት እኔ፣ ያ ሁሉ ካሜራ የኔን የመሰለ ክንድና የኔን የመሰለ እግር ሲከተል አየሁ። አለቀስኩ፣ ወንድሜ። ለካ የሆነ አገር፣ የሆነ ዘመን እኔም ቆንጆ ነበርኩ።

ከሞዴሊስቶቹ አንዷ ጸጉሯን እንደ ወንድ ልጅ ባጭሩ ተቆርጣ፣ ነጭ ኮሌታ ያለው ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ሽቅብ ታያለች። እሷን እያሰብኩ ስተኛ፣ እሷን እያሰብኩ ስነሳ ሰነበትኩና ጓደኛዬ ኬኔ ጸጉር ቤት ሄጄ እንደዚያው ቁረጭልኝ አልኳት። ከዚያ ጥቁር ጨርቄን ይዤ ልብስ ሰፊው ሞረዳ ዘንድ ገባሁ። ሰውን በቀጠሮ የሚያመላልሰው ሞረዳ ራሴንና ጨርቁን አየት አድርጎ፣ የያዘውን የሙሽራ ልብስ ወደ ጎን ትቶ የኔን እዚያው ሰፋልኝ። ከጉልበት በላይ አድርግልኝ ብለውም እስከ ቁርጭምጭሚት አወረደው። ስወጣም ቆቡን አወለቀልኝ። ሐሳቤ ለንደን ስለነበር ምንም አልጠረጠርኩም። ጉሙ ወርዶ፣ ባጃጆቹ መብራት አብርተው ሲያልፉ፣ ያን ሁሉ ጭቃ እንደነዚያ ልጆች እየተራመድኩ ቤቴ ደረስኩ። ሰው ሁሉ የሚያየው እኔን ይመስለኝ ነበር፤ ደግሞም ያየኝ ነበር።

በማግስቱ ጎረቤታችን አዴ ድርቤ የሰፈሩን ሴቶች አስከትለው ገቡ። እማዬን አቅፈው "ዋቃዮ እሲን ሀ ጀጀቤሱ፣ ፈጣሪ ያጽናችሁ" እያሉ አለቀሱ። ሴት ልጅ ጸጉሯን ቆርጣ ጥቁር ካሰፋች ሰው ሞቶባታል፤ ከኛ ቤት ደግሞ ሩቅ ያለኸው አንተ ብቻ ነህ። እማዬ እንዴት እንደጮኸች አልጽፍልህም። "ለፋሽን ነው! ለውበት ነው!" ብዬ ማልኩ፤ መጽሐፉን እየገለጥኩ አሳየሁ። አዴ ድርቤ የተቆረጠ ራሴን እየዳበሱ "አይዞሽ ልጄ፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ" አሉኝ። መርዶ ተደብቆ የሚከርምበት አገር ስለሆነ፣ እኔ ይበልጥ በካድኩ ቁጥር እማዬ ይበልጥ አመነች። ነብዩም መጥቶ "በደህና ነው የተለያየነው" ቢላት፣ "አንተም እንዳልደነግጥ ብለህ ነው" አለችው።

ስልክህ ከፋሲካ ወዲህ አይሠራም፤ ነብዩ የያዘውም ያንኑ የድሮውን ቁጥር ነው። ቁጥር ከቀየርክ ለምን አልነገርከንም? በጣም ተቀይሜሃለሁ። አንዳንዴ እኔ ራሴ እጠራጠርና ነብዩን ለብቻው ይዤ እውነቱን ንገረኝ እለዋለሁ።

እማዬ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ነው የምትውለው። መርዶ ጎህ ሲቀድ ስለሚነገር፣ በጨለማው ተነስታ በሩን ከፍታ ትቀመጣለች። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ደጅ እንዳይቆሙ ነው ትላለች። ስለዚህ ስትደውል በማለዳ አትደውል፤ ልቧ አይችለውም። ከምሳ በኋላ አባዬ አጠገቧ ሲሆን በእሱ ስልክ ደውል።

እኔ ጸጉሬ እስኪያድግ ከቤት አትውጪ ተብያለሁ። ቀሚሱን በእጄ አሳጥሬዋለሁ። ሰው በሌለበት ለብሼው ከጓዳ እስከ በረንዳ እራመዳለሁ፤ ይህን ሁሉ መዘዝ አምጥቶብኝ እንኳ ልጠላው አልቻልኩም።

ደብዳቤውን ነብዩ ሲመለስ ይዞልህ ይመጣል። አባዬ በጣም ናፍቆሃል፤ "ድምፁን ያሰማን" ብሏል። አክስታችን በዛብሽ ጉንጭህን ትስምሃለች። ኬኔም ሰላም ብላሃለች፤ መቀሷን ይቅር በልላት። እማዬንም ምን ልበልልሽ ብዬ ጠይቄያት ነበር። ወረቀቱን ትኩር ብላ አየችና "ለማን ነው የምትጽፊው?" አለችኝ።

ታናሽ እህትህ ዝማሬ
ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ
ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.