መጀመሪያ ንደፊው

ይድረስ ለእናቴ፤

እማዬ፣ እንደምን ከርመሽልኛል? ጉልበትሽ ደረጃውን እሺ ብሎ ያወጣሻል ወይስ አሁንም እንዳኮረፈ ነው? ያ የጥርስ ሕመምስ ተወሽ? ስለ ዓይንሽ አልጠይቅም፤ “ዓይኔ ወደ ጣቴ ወርዷል” ካልሽኝ ወዲህ የምጠይቀው ስለ ጣቶችሽ ነው። ጣቶችሽ ደህና ናቸው? “ስተኛ ትከሻዬ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈስብኝ አለ” ያልሽው ነገር ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ሐኪም ያጣንለት ናፍቆትሽ ብቻ ነው።

እህት ዓለም፣ ይህን የምታነቢላት አንቺ ስለሆንሽ አደራ እየዘለልሽ አታንብቢ። በተለይ እኔ የተዋረድኩበት ቦታ ስትደርሺ ቀስ በይ፤ እማዬ ሳትስቅ እንዳያልፋት።

እማዬ፣ አባዬ ያረፈ ጊዜ ልብሶቹን ጠቅልለሽ “አንቺ መስፋት ታውቂያለሽ፣ የሚሆነውን አድርጊው” ብለሽ ሰጥተሽኝ አልነበር? ሰማያዊ ኮቱ፣ አራቱ ሸሚዞቹ፣ ያ ጉልበቱ የሳሳው ሱሪ፣ አመድማ ሹራቡ። ዓመት ሙሉ ሳጥኑን እየከፈትኩ ስዘጋ ከርሜ፣ ብርዱን ስትነግሪኝ ነው ምን እንደሚሆን የገባኝ። ሸሚዞቹንና ኮቱን ቆራርጬ እገጣጥማለሁ፣ መሃሉን በበግ ጠጉር እሞላለሁ፣ ትከሻሽ ላይ የሚጣል ብርድ ልብስ ይወጣዋል አልኩ። ይህንኑ ለእህቴ ስነግራት መልስሽን ላከችልኝ፦ “እማዬ መጀመሪያ ንደፊው ብላለች።”

እንግዲህ ጉዱ ከዚህ ይጀምራል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ያስተማርሽኝ ልጅሽ ንደፊው የሚለውን ስሰማ ወዲያው ማስመሪያና እርሳስ ገዛሁ። ንድፍ ነዋ! ሳምንት ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ የትኛው ሸሚዝ ከየትኛው ጎን እንደሚሰፋ በቁጥር፣ በቀለም፣ በመስመር ነደፍኩ። ባለቤቴ በትከሻዬ አጮልቆ እያየ “ብርድ ልብስ ነው ወይስ ባለ ፎቅ?” ይለኛል። እኔ ደግሞ እናቴ እንኳ ሳትማር ይህን ያህል ማቀድ ታውቃለች ብዬ በኩራት ልፈነዳ ደርሼ ነበር።

የበግ ጠጉሩን የገዛሁት በላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ታሽጎ ነው። ባለሱቁን ደህና ነው ወይ ብዬ ብጠይቀው “በጓ ራሷ ብትመጣ ታውቀዋለች” አለኝ። ሳቄ መጣና ሳላስከፍት ይዤ ወጣሁ። ሰው ካሳቀኝ ዕቃ እንደማላይ አንቺ ታውቂያለሽ።

እንደ ንድፌ ልብሱን ቆርጬ፣ ጠጉሩን አንጥፌ፣ ሲሶውን ያህል ከሰፋሁ በኋላ እጄን ሳሳልፍበት አንድ ቦታ እጢ እጢ ይላል፣ አንድ ቦታ ባዶ ነው። ያልተሰፋውን ወደ መስኮቱ ዘርግቼ በብርሃን ሳየው የጠገበና የተራበ ባንድ ማዕድ የተቀመጠ ይመስላል። ጭጎጎት አለበት፣ የደረቀ ሣር አለበት። ከሁሉ የገረመኝ ግን ኮቱ ነው። በሰማያዊው ጨርቅ ላይ ነጫጭ ጠጉር ብቅ ብቅ ብሏል። አንዱን ይዤ ብነቅለው ከኋላው የረዘመ ሌላ ተከትሎት መጣ። ያንን ብነቅል ሌላ።

ያኔ አባዬ ትዝ አለኝ። ሽበቱን እየነቀልሽለት “ተዪው፣ ጎረቤቶቹ ሰምተው ለቀብሩ ይወጣሉ” ሲልሽ! መርፌዬን ይዤ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከዚያ ደግሞ መርፌውን አስቀመጥኩት። ልብሱ እኮ ሌላ የለውም፣ እማዬ። ሸሚዝ ቢበላሽብኝ ሸሚዝ ይገዛል፤ የአባዬን ኮት ግን ከየት አመጣለሁ? እንደዚያ ጎርብጦ ቢደርስሽ ደግሞ ጣትሽ ገና ሲነካው ያውቃል፤ ዝም ብለሽ “እጅሽ ይባረክ” ትያለሽ፤ እኔ ያንን ዝምታሽን ነው የፈራሁት።

ከቤታችን ጀርባ ፍራሽ የሚሰሩ ሽማግሌ አሉ፤ ሰፈሩ ጋሼ ፍራሽ ይላቸዋል። ተሸክሜ ሄድኩ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አንዱን እጢ በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት፣ ቀና ብለው አዩኝና “ልጄ፣ ይሄን ሳትነድፊው ነው እንዴ የሰፋሽው?” አሉኝ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የመንደፊያ ደጋን ሳየው እኮ ነው የበራልኝ! ለካ ጠጉሩን ንደፊው ማለትሽ ነው! በደጋን ተመትቶ እስኪፈታ፣ እስኪላላ፣ ባዘቶ እስኪሆን! እኔ ወረቀት ስነድፍ ከረምኩ! ስነግራቸው ዓይናቸው እስኪያለቅስ ሳቁ። “መማር ደግ ነው፤ ግን አንዳንዴ መንገድ ያስረዝማል” አሉኝ። ቤት ገብቼ ንደፊው ማለት ምን እንደሆነ ለባለቤቴ ሳስረዳው ደግሞ “እኔ እንደሆንኩ ንብ ብቻ ነው ሲነድፍ የማውቀው” ብሎኝ እርፍ።

ጋሼ ፍራሽ ሌላም ነገር አሳዩኝ። ከጠጉሩ ቆንጥረው ክብሪት ጫሩበት። አንዱ ጸጉር ጸጉር ሸትቶ አመድ ሆነ፤ ሌላው ቀልጦ እንደ ዶቃ ደረቀ። ላስቲክ ነው! ቀላቅለውታል! እውነት እልሻለሁ፣ ከመናደዴ በፊት ደስ አለኝ፤ እንዲህ እንደሚታወቅ ማን ያውቅ ነበር? ከዚያ ወዲያ ክብሪት ይዤ ቤቱን ስዞር፣ ባለቤቴ ካልሲዎቹን ደበቀብኝ። ባለሱቁ ዘንድ ብመለስም የተከፈተ አልቀበልም አለኝ። “በጓ እንኳ ብትመጣ አታውቀውም” ብዬው ወጣሁ።

የሰፋሁትን ሁሉ ፈታሁ። የእውነቱን ከላስቲኩ፣ ላስቲኩን ከጭጎጎቱ ስለይ አራት ቀን ፈጀብኝ። ደህናው ጠጉር ግን ግማሹን እንኳ አይሞላም። ጋሼ ፍራሽ “የሱፍ ሹራብ የለሽም? ተተርትሮ ይነደፋል” አሉ።

የአባዬ ሹራብ አለ። እማዬ፣ እሱን ከንድፉ ውስጥ ያላስገባሁት ለራሴ አስቀርቼው ነው። ቤት ስጠርግ እለብሰው ነበር። ሁለት ቀን ወንበር ላይ አስቀምጬ አየሁት። በሦስተኛው ቀን፣ እኔ የምጠርገው ላብ እያጠመቀኝ ነው፣ የሚበርዳት እሷ ናት ብዬ ጫፉን መዘዝኩ። ክርኑ ጋ ስደርስ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የአንቺን ስፌት! በቡና ዓይነት ክር ጠቅጥቀሽዋል። ለመሆኑ መቼ ነው የሰፋሽው? አመድማ ክር አጥተሽ ነው ወይስ ተጣልታችሁ? ይህችን አጽፊልኝ። ያቺን የክርኑን ቁራጭ ግን አልተረተርኳትም፤ መዳፍ የምታህል ናት፣ እሷን ለእኔ ተዪልኝ።

ከዚያ ተነደፈ። ደጋኑ ድም ድም ሲል፣ ብናኙ አፍንጫችንን ሲያስነጥሰን፣ እሳቸው አንዴ እኔ አንዴ እየመታን፣ ነጩና አመድማው ተቀላቅሎ ደመና ሆነ። በስስ ሻሽ ጠቀለልኩት። መርፌዬንም ጋሼ ፍራሽ “በወፍራም መርፌ በር እየከፈትሽለት ጠጉሩ እንዴት አይወጣ?” ብለውኝ በቀጭኑ ቀይሬ እንደገና ሰፋሁት። አሁን በእጅሽ ብትጫኚው ይሰምጥና ተመልሶ ይነሳል።

ሐሙስ ወደ እናንተ የሚመጣው ጎረቤታችን ሹፌሩ ያደርስልሻል። አንድ ነገር ብቻ ይቅርታ፦ ኮቱ ትከሻ ላይ የድሮው ወፍራም መርፌ የበሳው ቀዳዳ ስላልተደፈነ ጥቂት ጠጉር ብቅ ይላል። እንዳትነቅዪው። እህቴ በመቀስ ትቁረጠው፣ ካልሆነም ተዪው፤ ጎረቤቶቹ ይሰማሉ።

ያ ሳምንት ሙሉ የደከምኩበት ንድፍም አልተጣለም። እዚህ ደብዳቤ ውስጥ አጥፌዋለሁ፤ እህት ዓለም፣ የተጻፈበትን ለእማዬ አትንገሪያት። እማዬ፣ ብርድ ልብሱን ጭንሽ ላይ ዘርጊና የቱ ሸሚዝ የት እንዳለ በጣትሽ ገምቺ። የሠርጉ የቱ ነው? ኪሱ የተቀደደውስ? እሷ ወረቀቱን ይዛ ታርምሻለች። ስንቱን እንዳገኘሽ ለማወቅ ከአሁኑ ቸኩያለሁ፤ እኔ ግን ሁሉንም ታገኛለች ብዬ ከባለቤቴ ጋር ተወራርጃለሁ።

እህቴን፣ ባሏን፣ ያቺን ለፍላፊ ልጇን በየተራ ሳሚልኝ። ጎረቤትሽን ልብስ ሰፊዋን ወፍራም መርፌ ጣዪ በያት። ባለቤቴ ከነካልሲው ሰላም ብሎሻል፤ ጋሼ ፍራሽም “ቃሏን ያልሰማሻትን እናትሽን ሰላም በይልኝ” ብለዋል። በመጨረሻ ጣቶችሽን፣ አሥሩንም፣ እየሳምኩ፤

መንደፍ የገባት ልጅሽ
ከመስኮቱ ሥር፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ
ኅዳር ፲፬ ቀን