ሁለት ፊደል ለዋጡት ክቡር ሹም

ሐጅ ዩሱፍ፣ ኻርቱም
ኅዳር 2000 ዓ.ም.

ለክቡር የፍለጋ ማውጫ አዘጋጅ
ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ፣ ከሁሉም ፕሮግራም በስተጀርባ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን ልጠይቅ አስቤ ነበር። ነገር ግን የእርስዎ ደኅንነት የሚታወቀው በሌላው ትኩሳት ስለሆነ፣ ለመጻፍ ከመቀመጤ በፊት የኮምፒውተሩን ሳጥን ስነካው እጄን ስለፈጀኝ፣ ፋኑም ጭነት ይዞ ዳገት እንደሚወጣ ሎሪ ሲያጓራ ስለሰማሁ፣ በሙሉ ጤንነት በሥራ ገበታዎ ላይ እንዳሉ ሳይነገረኝ ገብቶኛል። ብርታት ይስጥዎ ብዬ እንዳልመርቅ ብርታቱ ከእርስዎ አልፎ ለእኛ ተርፏል። ስለ ዕድሜዎ ከታች እንነጋገራለን።

እኔ ከገበያው ዝቅ ብሎ ያለውን የኢንተርኔትና የስልክ ቤት የማስተዳድር ኑርሁሴን የተባልኩ ሰው ነኝ። የሰፈሩ ልጆች በዚህ አገር ወግ «ኻል» ይሉኛል፤ የእናት ወንድም ማለት ነው። እናቶቻቸውን አላውቃቸውም፤ አጎትነቱን ግን እምቢ አላልኩም። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ትምህርት ቤት ስለሌለ ያለኝን እውቀት ሁሉ ያገኘሁት ከብልሽት ነው፤ በዚህ በኩል ክቡርነትዎ ካሠለጠኑኝ መምህራን ግንባር ቀደሙ ነዎት።

ይህ ደብዳቤ በሩ ላይ ተለጥፎ የሚነበብ ስለሆነ፣ እርስዎን የማያውቅ መንገደኛ ግራ እንዳይጋባ ማንነትዎን በአጭሩ ላስተዋውቅ። ክቡርነትዎ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ፣ ፎቶና ዘፈን አንድ በአንድ እየበረበሩ የት ምን እንዳለ የሚመዘግቡ ፕሮግራም ነዎት። ዓላማዎም አንድ ሰው አንድ ቀን አንድ ነገር ቢፈልግ በቶሎ እንዲያገኘው ነው። እስከ ዛሬ የፈለገ ሰው የለም። ይህ ትጋትዎን አላቀዘቀዘውም።

አቤቱታዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ ሹም የሚባል ሰው አለቃው ሲያየው ይሠራል፣ አለቃው ሲወጣ ያርፋል። እርስዎ ይህን ሥርዓት ገልብጠውታል። ሰው ማውዙን ሲይዝ ወይም ፊደል ሲመታ «ባለቤቱ መጥቷል» ብለው እጅዎን አጣጥፈው ይቀመጣሉ፤ እጁን ባነሣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ደግሞ «ሰው የለም» ብለው ይነሡና ፕሮሰሰሩን ለብቻዎ ይይዙታል። አሁን እንኳ እየጻፍኩ ስለሆነ ጸጥ ብለው እየጠበቁኝ ነው። ቃል ጠፍቶኝ ቆም ስል ፋኑ ይነሣል። ቶሎ ቶሎ እንድጽፍ ስላበረታቱኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ በዚህ ጠባይዎ የተነሣ ንጹሓን ሲወነጀሉ ዝም ብለው አይተዋል። ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ መጀመሪያ የኻርቱምን አቧራ ጠረጠርኩና ሳጥኑን ከፍቼ በአፌ እፍ አልኩበት፤ አቧራው በሙሉ ፊቴ ላይ ሰፈረ። ቀጥዬ ቫይረስ ነው ብዬ ጸረ ቫይረስ ጫንኩበት፤ እሱም በተራው መበርበር ስለጀመረ በአንድ ወንበር ሁለት ሹም ተቀመጠ። በመጨረሻ ጎረቤቴን በያጁን «መብራቱን የምታዳክመው አንተ ነህ» ብዬ ተጣላሁት። ጎረቤቴ ይቅርታ የሚገባው ሰው ነው፤ በዚህ ደብዳቤ በይፋ ጠይቄዋለሁ፤ የጠባችንን ዕዳ ግን ስለ ሁለታችንም ለክቡርነትዎ አስተላልፌዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ እስካሁን ያልኩት ለቀልድ ነበር።

ፋጤ የምትባል የወሎ ሴት አለች። ሰው ቤት ትሠራለች፤ መዳሟ የምትለቃት ዓርብ ከሰዓት ብቻ ነው። ያን ጊዜ ወደ እኔ መጥታ ከእርስዎ ኮምፒውተር ላይ በኢንተርኔት ደሴ ላለችው ልጇ ለሉጥፊያ ትደውላለች። ጥሪው የሚገባው በጎረቤታቸው በሬሕማ የእጅ ስልክ ነው። ፋጤ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ታደርግና የሰው ዕቃ እንዳታበላሽ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ ዓይኗን ጨፍና ታወራለች። እርስዎ ይህን አይተው ምን እንደወሰኑ ያውቃሉ። ማውዙን ስላልነካች ሰው የለም አሉ። በሥራ ላይ ያለች እናት ባዶ ወንበር ሆና ተመዘገበች፤ ምርመራዎ ተጀመረ፤ ድምጿም ተቆራረጠ።

ከዒድ በኋላ በነበረው ዓርብ ሉጥፊያ ትምህርት ትታ በመተማ በኩል ወደ ኻርቱም ለመምጣት መነሣሣቷን ፋጤ ሰማች። በዚህ ቤት ውስጥ እንደዚያ ስትለምን ሰምቻት አላውቅም። «ትምህርትሽን አትተዪ! አትምጪ፣ ልጄ፣ አትምጪ!» አለች። ክቡርነትዎም ከዚያ ሁሉ ቃል ውስጥ መርጠው «አት»ን ዋጡት። ሁለት ፊደል ነው፤ ብዙ አይባልም። ደሴ የደረሰው ግን «ትምህርትሽን ተዪ! ምጪ፣ ልጄ፣ ምጪ!» የሚል የእናት ልመና ነበር፤ በእነሱ አነጋገር «ምጪ» «ነይ» ማለት ነው። ልጅቷ ታዛዥ ናትና ታዘዘች።

አራተኛ፣ ይህን ያወቅነው በሚቀጥለው ዓርብ ነው። ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ የሚነዳው በሽር እጮኛውን ሬሕማን ሲያነጋግር ቆይቶ ማዳመጫውን ለፋጤ ሲያቀብላት፣ «ፋጤ፣ ልጅሽን ጠርተሻት ነው እንዴ? ሻንጣ ገዝታለች፤ እሑድ ትነሣለች እኮ» አላት። «እኔ?» አለች ፋጤ፣ «እኔ ነኝ የጠራኋት?» ወዲያው ተቀመጠች፣ እጇን አጣመረች፣ «አትምጪ» አለች። እኔ ድምፁን ለሁላችንም ከፍቼው ነበርና መልሱን ሰማሁ፤ «እሺ እማ፣ እሑድ ነው፤ ስንት ጊዜ ትጠሪኛለሽ?» የሚል ነው። በእጅ ስልኬ ሞከርኩ፤ ሸበካው፣ ማለትም ኔትወርኩ፣ መስመር ተይዟል አለኝ፤ ደግሜ ሞከርኩ፤ ደግሞ ነገረኝ።

ፋጤ ማዳመጫውን ነቅላ፣ «በሽር፣ በአላህ፣ አንተ ንገርልኝ!» አለች። በሽር ተቀመጠና እንደ ልማዱ በቀኝ እጁ የካርታ ጨዋታውን ከፍቶ ካርታ እየጎተተ፣ «ሉጥፊያ፣ እናትሽ እንዳትመጪ ነው የምትልሽ» አላት። ድምፁ እንደ አዛን ጥርት ብሎ ሄደ። ልጅቷ ግን፣ «አንተን ማን ጠየቀህ? እናቴ በገዛ አፏ ጠርታኛለች!» ብላ መለሰችለት። እውነቷን ነው። የማታምነው ሰው ድምፅ ሳይጎድል ደርሷታል፤ የምታምናት እናቷ ድምፅ በክቡርነትዎ ሆድ ውስጥ ነበር።

በዚያች ቅጽበት ነው ያገኘሁዎት። ፋጤ ማውራት ሳትጀምር ሦስቱን ቁልፍ አንድ ላይ ተጭኜ የሠራተኞችን፣ ማለትም በሥራ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች፣ ዝርዝር ከስክሪኑ ጥግ ላይ ከፍቼ ነበር። በሽር ካርታ ሲጎትት የእርስዎ ሥራ ከዜሮ ፈቀቅ አላለም። ፋጤ ግን እጇን አጣምራ ስታወራ ከፕሮሰሰሩ ጉልበት ከመቶ ዘጠና ስምንት እጁን ይዘው ነበር። እጮኛውን በግማሽ ጆሮ እየሰማ ካርታ የሚጫወት ወንድ በእርስዎ ዘንድ ሰው ሆኖ ተከበረ፤ ልጇን በሙሉ ልቧ የምታዳምጥ ሴት ግን የለችም ተባለች። ሬሕማ ይህን ደብዳቤ የምታገኝ ከሆነ፣ በሽር በየንግግራችሁ መካከል «እህ፣ እህ» የሚለው ለምን እንደሆነ በዚህ አጋጣሚ ትረዳለች፤ እኔ ግን ማንንም ለማጣላት አልጻፍኩም።

ፋጤን መልሼ አስቀመጥኳት፤ ማውዙን እጇ ውስጥ ከተትኩና፣ «በይ ያላ፣ እያወራሽ እንደ ሙስበሃ መቁጠሪያ ቁጠሪው» አልኳት። «ኻሉ፣ ቢሰበርስ?» አለች። «ይሰበር» አልኳት። ቢስሚላህ ብላ ማውዙን እያሽከረከረች ተናገረች፤ «አትምጪ» አለች፤ «አት»ም «ምጪ»ም እጅ ለእጅ ተያይዘው ደሴ ገቡ።

ቀጥሎ ሉጥፊያ፣ «ታዲያ ባለፈው ምጪ ያለኝ ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ፋጤ ወደ እኔ ዞረች። እኔም ወደ በሽር ዞርኩ። በሽር ወደ ስክሪኑ ዞረ። «አሁንስ የምታወሪው አንቺ መሆንሽን በምን ልወቅ?» አለች ልጅቷ። ፋጤ በዚህ ጊዜ ትዕግሥቷ አልቆ፣ «አንቺ ደረቅ! አንቺ ጆሮ የሌለሽ! እኔ የሰው ቤት ወለል የምጠርገው አንቺ መጥተሽ መጥረጊያውን እንድትቀበዪኝ ነው? ሻንጣውን መልሺ! ሰኞ ክፍል ካልገባሽ መጥቼ በጆሮሽ ነው የማስገባሽ!» አለቻት። ይህ ሁሉ አንድ ፊደል ሳይጎድልበት ደረሰ። «እሺ እማ፣ አንቺው ነሽ» አለች ልጅቷ። ማዳመጫው ሲወርድ ፋጤ አለቀሰች፤ ማውዙን ግን ማሽከርከር አላቆመችም።

አምስተኛ፣ በዚያኑ ዕለት ከሥራ ባሰናብትዎ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ተመልሰው ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው አገኘሁዎት። በዚህስ ከሌሎች ሹማምንት አልተለዩም።

ስለዚህ በዛሬው ዕለት የአገልግሎቶችን ዝርዝር ከፍቼ ከስምዎ ፊት «በራሱ ይጀምር» የሚለውን «እንዳይጀምር» በሚለው ለመተካት ወስኛለሁ። ልብ ይበሉ፤ እዚህም ላይ ልዩነቱ ጥቂት ፊደል ነው። በሌላ በኩል የሉጥፊያ ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘም። «ምጪ ያለኝ ማን ነው?» ብላለች። እናቷ አላለችም፤ እኔ አላልኩም፤ በሽርም በሕይወቱ ማንንም ምጪ ብሎ ስለማያውቅ ሬሕማ እስከ ዛሬ ደሴ ናት። ክቡርነትዎ ሁሉንም የመዘገቡ እንደመሆንዎ መልሱን ሳይዘገዩ እንዲልኩላት በትሕትና እጠይቃለሁ።

ሰው እያለ ሰው የለም ያላሉበት ቀን ካለ ያን ቀን እያሰብኩ፣ ለአቧራው፣ ለበያጁና ለፋጤ ሁለት ፊደል ጭምር ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ከማይረሳ አክብሮት ጋር፣
ኑርሁሴን
ማውዙን በእጁ እንደያዘ

ማስታወሻ፦ ከስንብትዎ በፊት ይህን ሁሉ ጊዜ የደከሙበትን ሥራ አንድ ጊዜ እንኳ ልጠቀምበት ብዬ በመፈለጊያዎ ላይ «ሉጥፊያ» ብዬ ጻፍኩ። ለእናቷ ብዬ በልጅቷ ስም ያስቀመጥኩት ፎቶ ከፊት ለፊቴ ስክሪኑ ላይ ነው፤ በዓይኔ እያየሁት ነው። ለረጅም ጊዜ አሰቡበትና «ምንም አልተገኘም» ብለው መለሱልኝ። አይድከሙ፣ ክቡር ሆይ። ደሴ ናት፤ ክፍል ገብታለች።