የእማዬ ፍሪጅ አይሸጥም

እህት ዓለም፣

ሥራ ረፍዶብኛልና በአጭሩ ልጻፍልሽ። አሮጌ ዕቃ ገዢው እኩለ ቀን ላይ ሲመጣ የእማዬን ፍሪጅ እንዳትሰጪው።
ሐሳቤን ቀይሬያለሁ።

«እኔ ላብራቶሪ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ይሄ ፍሪጅ አልቆለታል፤ ከዚህ ቤት ወይ እሱ ይውጣ ወይ እኔ» ማለቴን አልክድም። ነገር በዓይን ይገባል ብዬም የላብራቶሪ ቴርሞሜትሬን ባለ ሽቦ ጫፍ ውስጥ ከትቼ፣ ቁጥር ማሳያውን በውጭ ሰቅዬ፣ መሞቁን አሳይቼሻለሁ። አንቺ «ግድ የለም፣ ይጠገን» ስትዪ፣ በሩን ከፍተሽ እንደ ቴሌቪዥን ፊቱ እየቆምሽ አንቺው ነሽ የገደልሽው ብዬሻለሁ።
ትቆሚያለሽ ደግሞ።

ትናንት አንቺ ቤት ሳትገቢ፣ ያ ያልሽው ጠጋኝ መጣ። ሞተሩን እንኳ አልነካም። ጎንበስ ብሎ የበሩን ጎማ ዳበሰና በመሃል የሚያልፈውን የቴርሞሜትር ሽቦ በሁለት ጣቱ ያዘ።

«እትዬ፣ በሩ በዚህ የተነሳ እኮ ገርበብ ብሎ ነው የሚውለው። ለመሆኑ ይሄን ማን አስገባው?»

«እህቴ ትሆናለች» አልኩት።

ሽቦው ወጥቷል። በሩም ገጥሟል። ውሃው ጥርስ እስኪያንገጫግጭ ቀዝቅዞ አደረ፤ ቅመሽው።

ጠጋኙ የላላውን ማጠፊያ ሊያጠብቅ ነገ ይመለሳል፤ እኔ አልኖርም። ስለ ሽቦ ሊመክርሽ ይነሳ ይሆናል። ረዘም ያለ ምክር ነው፣ ሰምቼዋለሁ። ስለ እማዬ ብለሽ ራስሽን እየነቀነቅሽ ዝም ብለሽ ስሚው።

እህትሽ