ፈተናዋን እስክትጨርስ

ብርቄ፣

ከተለያየን ዘጠኝ ወር አለፈ። እስካሁን ሳልጽፍልሽ የቆየሁት ረስቼሽ አይደለም፤ የምጽፈውን ፈርቼ ነው። ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀውን ነገር አንቺ ብቻ አታውቂም። እኔ ካልነገርኩሽ ደግሞ ማን ይነግርሻል?

መጀመሪያ የቤቱን ልበል። እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ የነበረውን ቤት ለቅቄ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። ባጃጇ አለች፤ አሁንም የምተዳደረው በእሷ ነው። ልብሶችሽን እህትሽ ወስዳለች፤ አረንጓዴውን ሹራብ ግን ልጃችን ሜሮን አልሰጥም ብላ አስቀርታዋለች። ሜሮን የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋን አልፋለች። ከትምህርት ቤቷ ሁለተኛ ወጥታ ነው ያለፈችው። ዘጠነኛን የምትማረው ግን እዚህ አይደለም፤ ይርጋዓለም እናትሽ ዘንድ ናት። ለምን እንደሄደች ለመንገር ነው ዛሬ የተቀመጥኩት።

ሆስፒታል እስክትገቢ ድረስ የምታስጠኛት አንቺ ነበርሽ። ከቢሮ ገብተሽ ጫማሽን እንኳን ሳታወልቂ ደብተሯን ታስከፍቻት ነበር። ላጲስ ከልክለሻት ነበር፣ አስታወስሽ? «የተሳሳትሽውን አታጥፊው፣ ሰርዘሽው ከሥሩ ሥሪ» ትያት ነበር። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው በር ላይ ቆሜ አያችሁ ነበር። አዲስ አበባ ከተኛሽ በኋላ ያንን ቦታ እኔ ያዝኩት። ማኅበራዊ ሳይንሱንና ዜግነቱን ከመጽሐፉ እያነበብኩ እጠይቃት ነበር። ሒሳቡን ግን መልሱን ከጀርባው ገጽ እያየሁ «ልክ ነው» ወይም «ልክ አይደለም» ከማለት በቀር ምንም አልችልም ነበር። ትስቅብኝ ነበር። ያ ጊዜ ጥሩ ነበር፤ አንቺም ትመለሻለሽ ብለን ነበር የምናስበው።

በመጨረሻው እሑድ አልጋሽ አጠገብ ተቀምጬ ሳለ፣ «ማርቄ፣ ፈተናዋን እስክትጨርስ ምንም እንዳትነግራት» አልሽኝ። ይህን ቃልሽን ላገኘሁት ሰው ሁሉ ተናግሬዋለሁ። በለቅሶው ላይ ተናግሬዋለሁ፣ ለፓስተሩ ተናግሬዋለሁ፣ ለእናትሽም ተናግሬዋለሁ። ላንቺ ግን አልዋሽም። አንቺ እንዳትነግራት ያልሽኝ ሐኪሙ በዚያ ቀን እንደማትድኚ የነገረንን ነበር። ሞቴን ደብቃት አላልሽኝም። የራሴን ሥራ ባንቺ ቃል ሸፈንኩት።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ አረፍሽ። ወንድምሽ ጴጥሮስ ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ይዞ፣ «ፈተናው ሊደርስ አሥራ ሦስት ቀን ነው የቀረው። አሁን ከሰማች የዓመት ልፋቷ ገደል ገባ። ትፈተንና እንነግራታለን» አለኝ።

«ቀብሩስ?» አልኩት።

«ቀብሩ ምን ይጨምርላታል?» አለኝ።

ዝም አልኩ። ብርቄ፣ ያ ዝምታዬ ነው ሁሉንም ነገር ያመጣው። አንድ ቃል ብናገር ጴጥሮስ አይገድለኝም ነበር።

ወደ ይርጋዓለም ስንወስድሽ መንገዱ በሐዋሳ ውስጥ መሆኑን ታውቂያለሽ። ከተማ የገባነው ተማሪ በሚለቀቅበት ሰዓት ነበር። ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች አስፋልቱን ሲያቋርጡ ሹፌሩ ቆመላቸው። ጴጥሮስ መጋረጃውን ሳበው። እኔ በመጋረጃው ጠርዝ በኩል እያየሁ ነበር፤ አላየኋትም። ልጅሽ ቦርሳዋን አዝላ፣ ምናልባት ካንቺ መቶ እርምጃ ራቅ ብላ፣ ወደ ቤት እየሄደች ነበር። እኛ አልፈናት ሄድን።

እሮብ ተቀበርሽ። እናትሽ ከጉድጓዱ አፋፍ ቆመው ሰዉን አንድ በአንድ አዩና፣ «ልጅቷ የታለች?» አሉ። ጴጥሮስ በጆሯቸው ነገራቸው። «እናቷን ሳትቀብር? ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?» ብለው ጮኹ። መዘምራኑ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የእማማን ድምፅ ሸፈኑት።

ሐሙስ ተመለስኩ። ጥቁሩን ኮት ጴጥሮስ ቤት አውልቄ፣ ነዳጅ ማደያው ቧንቧ ላይ ፊቴን ታጥቤ ነበር ቤት የገባሁት። አከራያችን እትዬ ዘነበች፣ ልጅቷን ሲጠብቁልኝ የከረሙት፣ በጓሮ በር ወጡ። ሜሮን ሮጣ መጣች።

«እማ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት።»

«ለምን አትደውልም ታዲያ?»

«ጉሮሮዋን አሟት ሐኪሙ አታውሪ ብሏታል። መጻፍ ትችላለች።»

ስልክሽ ኪሴ ውስጥ ነበር። ይህን ውሸት አስቤበት አልመጣሁም፤ እንዲሁ ከአፌ ወጣ።

በማግሥቱ ጠዋት ተራ ይዤ ባጃጇ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ስልክሽ ነዘረኝ። እቤት በተውሽው አሮጌ ስልክ የድምፅ መልእክት ልካለች። «እማዬ፣ ለሙከራ ፈተና ከመቶ ሰማንያ ስምንት አገኘሁ፣ ቶሎ ዳኚ» ትላለች። «በርቺ የኔ ልጅ» ብዬ ጻፍኩላት። ወዲያው «የኔ ልጅ ማለት ከመቼ ወዲህ ጀመርሽ?» ብላ መለሰች። ደንግጬ የድሮ መልእክቶቻችሁን ከላይ ጀምሬ አነበብኩ፤ «ሜሪዬ» እንደምትያት፣ ነጥብ እንደማታደርጊ፣ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ምግብ እንዳትረሳ «ብዪ ብዪ» እንደምትጽፊ አጠናሁ። በአንዱ ላይ «አባትሽ ይጨነቃል አታስቸግሪው» ብለሻታል። ተሳፋሪ መጥቶ «ትሄዳለህ?» ሲለኝ ከኋላዬ ያለውን ባጃጅ በእጄ ጠቆምኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እንዳንቺ እየጻፍኩ አልተሳሳትኩም።

አንድ ቀን ያልገባትን የሒሳብ ጥያቄ ፎቶ አንስታ ላከችልሽ። «አንቺ ካልሆንሽ አይገባኝም፣ አባዬ ገጹን ገልብጦ ነው የሚያየው» ብላ። ፎቶውን ይዤ የሒሳብ መምህሯ ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን ያውቃል፤ መምህራኑ ሁሉ ተነግሯቸው ነበር። ደረጃ በደረጃ ሠራልኝ። ሲጨርስ እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ «አቶ ማርቆስ፣ የምትጽፍላት እናቷ እንዳልሆነች ያወቀች ቀን ምን ልትላት ነው?» አለኝ። «መጀመሪያ ትለፍ» አልኩት። የሠራበትን ወረቀት ወደ እኔ ገፋው። አሠራሩን አንድ ባንድ ገልብጬ ላኩላት። «እማዬ አንቺ ጎበዝ» አለችሽ።

አሁን ከሁሉ የባሰውን እነግርሻለሁ።

ከቀብርሽ በአምስተኛው ቀን ምሽት ልጠይቃት ተቀምጠን ሳለ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር። የተጠየቀችውን ትታ፣ ክረምት አዲስ አበባ ሄዳ እንደምታስታምምሽ ታወራኛለች። ሦስት ጥያቄ ተከታትላ ሳተች። ሳቀች። ብርቄ፣ እኔ ካንቺ መቃብር ከመጣሁ ሳምንት ያልሞላኝ ሰው፣ ያ ሳቅ አሳበደኝ። በጥፊ መታኋት። በአሥራ አራት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ። ይህም ሳይበቃኝ፣ «እናትሽ እዚያ እየተሰቃየች አንቺ ትስቂያለሽ? የምትድነው አንቺ ስታልፊላት ነው!» አልኳት።

ጉንጯን ይዛ ደብተሯ ላይ አቀረቀረች። ከዚያ በኋላ አልሳቀችም። ጎሕ ሳይቀድ እየተነሳች ታጠና ነበር። ምሳዋን ሳትበላ ታጠና ነበር። ካለፈች እናቷ እንደምትድን እኔ ነግሬአታለሁ፤ አምናኛለች።

ጎረቤት ሁሉ ቤታችን መምጣት አቆመ። እንባቸው እንዳያመልጣቸው ፈርተው ነው። እትዬ ዘነበችም አልችልም ብለው ልጃቸው ጋ ሄዱ። ሜሮን፣ «ሰው ለምን ዘጋን? ምን በደልናቸው?» ትለኝ ነበር። «ፈተና ስላለሽ እንዳይረብሹሽ ነው» አልኳት። ያ እንኳን ውሸት አልነበረም።

ሰኞ ፈተናው ሲጀመር በባጃጇ አደረስኳት። በሩ ላይ አሮጌውን ስልክሽን ሰጠችኝና፣ «እማ የጻፈችልኝን አንብብልኝ» አለች። ራሴ ጠዋት ሽንት ቤት ገብቼ የጻፍኩትን ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ «እየጸለይኩልሽ ነው ሜሪዬ አትፍሪ»። ግንባሬን ሳመችኝና ገባች።

ማክሰኞ፣ ባረፍሽ ልክ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጨረሰች። መርዶው በማግሥቱ ማለዳ እንዲነገራት ከጴጥሮስ ጋር ተነጋግረን ነበር። እሷ ግን ከግቢው ስትወጣ እየበረረች ነበር። «አባዬ፣ ቀለለኝ! ሒሳቡ ቀለለኝ! ዛሬ ዓሣ ትጋብዘኛለህ፣ ነገ ደግሞ እማ ጋ እንሄዳለን!» አለች። እንቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ። ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወሰድኳት።

ጥብስ ዓሣ አዘዝን። እሷ አጥንቱን ለአባ ኮዳ አሞራዎቹ እየወረወረች፣ ከእኔ ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ ስልኩን አፏ አጠገብ ይዛ፣ «እማዬ ጨረስኩ! አሞራ ገደል ነን። ነገ እንመጣለን፣ ፀጉርሽን እኔ ነኝ የምሠራልሽ» ብላ ላከችው።

ደረቴ ላይ ነዘረ።

እጇ ዓሣው ላይ ቆመ። ኪሴን አየችው። እኔን አየችኝ። ምንም ሳትል ሌላ መልእክት ላከች፤ «እማ» ብቻ። እንደገና ነዘረ።

«አባዬ፣ የእማ ስልክ ለምን አንተ ጋ ሆነ?»

ስልኩን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«መቼ?» አለችኝ። ሞተች ወይ ብላ አልጠየቀችኝም።

«ዛሬ ሁለት ሳምንቷ።»

የጮኸችውን ጩኸት አልጽፍልሽም። ዓሣ የሚሸጡት ሴቶች ቢላቸውን ጥለው መጡ። ቤት ስንደርስ ደግሞ ለማግሥቱ የታሰበው ድንኳን ግማሹ ቆሟል። ሴቶቹ ሁኔታዋን ሲያዩ አፍነው የቆዩትን ለቅሶ ባንድ ጊዜ ለቀቁት። ሜሮን በሩ ላይ ቆማ አንድ በአንድ አየቻቸው። ጎረቤቶቿን፣ የሰንበት ትምህርት አስተማሪዋን፣ የሒሳብ መምህሯን። «እናንተም?» አለች። «እናንተም ታውቁ ነበር?»

መምህሩ አንገቱን ደፋ።

ሐዘኑ ሲያበቃ ስልክሽን ወስዳ አጠገቤ ተቀመጠች። መልእክቶቹን ከታች ወደ ላይ እያሳየች፣ «ይሄ እሷ ናት አንተ?» ትለኛለች። «እኔ ነኝ» እላለሁ። «ይሄስ?» «እኔ ነኝ።» የሒሳቡ ላይ ስትደርስ ቆየች። «እኔ ነኝ» አልኳት። ወደ ላይ ስትሄድ፣ ስትሄድ፣ የእሑዱ ላይ ደረሰች፤ «ዛሬ ደክሞኛል ነገ እጽፍልሻለሁ ብዪ ብዪ» የሚለው። «እሷ ናት» አልኳት። ስልኩን ይዛ ወጣች። በሳምንቱ ከእማማ ጋር ይርጋዓለም ሄደች።

ውጤቱ ሲመጣ ካርዱን ይዤ ሄድኩ። አንቺ ከሌለሽ ከእሷ ሌላ የማሳየው ሰው ስላልነበረኝ ነው የቸኮልኩት። በሩን ከፈተችልኝ፣ ካርዱን ተቀበለች፣ አየችው፣ መለሰችልኝ።

«አመሰግናለሁ። እርስዎ ያስቀምጡት» አለችኝ።

ሌላ ሰው ታናግራለች ብዬ ዞርኩ። ከኋላዬ ማንም አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ «አንተ» ብላኝ አታውቅም። አባዬም አትለኝም። አትሳደብም፣ አታኮርፍም። ወንበር ታቀርብልኛለች፣ ምሳ ታቀርብልኛለች፣ «ይብሉ እንጂ» ትለኛለች፤ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ እንደምታስተናግድ። እማማ ሊገሥጿት ሞክረው ነበር። «አክብሬ ነው ያናገርኳቸው» አለቻቸው።

እሑድ እሑድ እሄዳለሁ። ስለ ትምህርቷ አትነግረኝም። ልሄድ ስነሳ ግን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ትጠይቀኛለች፤ ከአንድ በላይ ጠይቃኝ አታውቅም። መጀመሪያ ቀን፣ «ምን ለብሳ ነበር?» አለችኝ። ነገርኳት። በሚቀጥለው፣ «ሳጥኑን እነማን ተሸከሙ?» አለችኝ። አራቱን ስም ጠራሁላት። «ዝናብ ነበር?» «የመጀመሪያውን አፈር ማን አለበሰ?» «ዓይኗን ማን ከደነ?» እኔ ነኝ የከደንኩት፤ ይህን ስነግራት እጄን አየችው። ጴጥሮስን ብትጠይቅ ይነግራታል፣ እማማም ይነግሯታል። እነሱን አትጠይቅም። የምትጠይቀው የከለከላትን ሰው ነው።

ባለፈው እሑድ የዘመሩት መዝሙር የትኛው እንደነበር ጠየቀችኝ። አላስታወስኩም። «የማያስታውሱት ነገር አለ ማለት ነው» አለችና በሩን ከፈተችልኝ። በባጃጅ ሳይሆን በእግሬ አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ሄድኩ። በማግሥቱ ከመዘምራኑ አንዷን ፈልጌ ጠየቅኳት፤ ነገረችኝ።

ብርቄ፣ ሌላው ሰው ለሞተበት «አልረሳሽም» ሲል ፍቅሩን መናገሩ ነው። እኔ ግን አልረሳሽም ስልሽ ሥራ መያዜ ነው። የዚያን እሮብ ነገር እያንዳንዱን፣ የጉድጓዱን አፈር ቀለም፣ ማን የት እንደቆመ፣ እናትሽ ምን ብለው እንደጮኹ፣ ሁሉንም እይዘዋለሁ። እሷ ጠይቃ እስክትጨርስ ድረስ፣ የፈለገውን ያህል ዓመት ቢፈጅ። ነገ እሑድ ነው። መዝሙሩን ይዤላት እሄዳለሁ።

ባልሽ ማርቆስ
ሐዋሳ