የባቲስታ ኳስ የጠፋች ጊዜ

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 4
ጠዋት ቲማቲም ለቀምኩ። ከሰዓት ከኦታቪዮ ጋር ቦቼ፣ ያው የኳስ ውርወራችንን ተጫወትን። አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ደርሰን አንድ ነጥብ ሲቀር ዝናብ በተነን። እሑድ ሴት ልጁ ሎሬዳና ወደ ቶሪኖ ከተማ ትወስደዋለች... ለዘለቄታው።
«ጨዋታውን ሳልጨርስ ንቅንቅ አልልም» አለ። እዚህ መንደር የተጀመረ ጨዋታ ጥሎ የሚሄድ የለም።
አሰብኩበት።

ማክሰኞ፣ 5
የምናነጣጥርባት ትንሿ ኳስ ጠፋች! ኦታቪዮ ሠላሳ ዓመት ፖሊስ ነበር። የያዘው አንድ የዶሮ ሌባ ነው፤ እሱም በገዛ እግሩ መጥቶ።
«በሌላ እንጫወት» አልኩት፣ ለወጉ።
«ባቲስታ የጠረባት እያለች? አታፍርም?»
ልክ ነው። ነፍሱን ይማረውና ጓደኛችን ባቲስታ በ1961 ከወይራ ግንድ ጠረባት። ያኔ ሦስታችንም ፀጉር ነበረን።

ረቡዕ፣ 6
ኦታቪዮ የድሮ የፖሊስ ቆቡን ደፍቶ ወጣ። ዳቦ ጋጋሪዋን ኤርሲሊያን «ትናንት ጠዋት የት ነበርሽ?» ቢላት «ዱቄት ውስጥ። አንተስ?» አለችው። አባ ኤውጄኒዮን ሊመረምር ገብቶ፣ ራሱ ተናዞ ወጣ። እኔ ቤትም መጣ። ደጃፌን ዞር ዞር ብሎ አየ።
«ጄርቫዞ፣ የት ነበርክ?»
«አንተ ቤት፣ ወይንህን ስጠጣ።»
ጻፈው። አረማመዱ የሃያ ዓመት ልጅ... ስንት ዘመኔ እንዲህ ካየሁት?

ዓርብ፣ 8
ልጁ ደወለች። «እሑድ አልመጣም፣ ጉዳይ ይዣለሁ» አላት። ሳቄን ዋጥኩ። ኳሷን ደጃፌ ላይ ያለው የበሶብላዬ ማሰሮ ውስጥ ቀብሬያታለሁ።
ማታ ግን ሳቁ አልመጣም። ባለፈው ክረምት ደረጃ ላይ ወድቆ እስኪነጋ ያገኘው የለም። ቤቴ ከቤቱ አሥር እርምጃ... እኔም አልሰማሁም።

ቅዳሜ፣ 9
ልመልስለት አፈሩን ቆፈርኩ። የለችም። ሁለቴ ቆፈርኩ። የለችም።

እሑድ፣ 10
ሎሬዳና መጣች። ትናንት ኦታቪዮ ራሱ ደውሎ ጠርቷታል። ሻንጣው መኪና ላይ ነው።
«ኳሷ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ።
«ረቡዕ አውቄያለሁ» አለ ኦታቪዮ። « ያንተ በሶብላ በሃምሳ ዓመት አንዴም ጠውልጎ አያውቅም፤ ያን ቀን ጠውልጎ አየሁት።»
«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»
«ጥቂት ቀን ፖሊስ ልሁን ብዬ።»
«አሁን የት አለች?»
«እሱን አንተ መርምር፣ የኔ ኢንስፔክተር።» ቆቡን አናቴ ላይ ደፍቶልኝ መኪናው ውስጥ ገባ። ኪሱ አብጧል።

ማክሰኞ፣ 12
ቲማቲሙን አልለቀምኩም። በሶብላው ቀና ብሏል። የምሳፈርበት የቶሪኖ ባቡር ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ቆቡ ይሰፋኛል፤ ጋዜጣ ጠቀጠቅኩበት። ተጠርጣሪ አንድ። ውጤት፣ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ።