የጓሯችን የሲሚንቶ ሰዎች

የሌንሳ አባት፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እኔ ደህና ነኝ። ሌንሳ ሸነን ተመድባ ታስተምራለች፤ በየሁለት ሳምንቱ እየመጣች ታየኛለች። ጣሪያው በመኝታ ቤቱ በኩል ማፍሰስ ጀምሮ ነበር፣ ሁለት ቆርቆሮ አስቀየርኩ። የተከልከው ኮክ ዘንድሮ አፈራ፤ ግማሹን ትል በላው።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። በመስከረም መጨረሻ ከዩኒቨርሲቲ ሦስት ተማሪዎች መጡ። የድሮ ቤቶችን እየለኩ ይመዘግባሉ። አዲስ ዓለም ማርያምን ጨርሰው ወደ አምቦ መምጣታቸው ነው፤ ከዚህ ወደ እጃጂ ይቀጥላሉ። ይፈርስ እያልኩ ስነዘንዝህ የነበረውን የእንጨት በረንዳ ሲያዩ ሜትራቸውን ዘርግተው ግማሽ ቀን ዋሉበት።

ከሦስቱ አንዷ፣ ጫልቱ የምትባል፣ በማግስቱ ከተማውን አብረን እንዙር ብላ ይዛኝ ወጣች። ሠላሳ ዓመት በተመላለስኩበት መንገድ ላይ አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁም ለካ። የወፍጮ ቤቱ መስኮት ከላዩ ቅስት አለው። መድኃኒት ቤቱ ያለበት ፎቅ የእንጨት ደረጃው በውጭ በኩል ነው የሚወጣው፤ የጣሪያው ጠርዝ ዙሪያውን እንደ ዳንቴል ተቆርጧል። አንተ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር። እሁድ ከቸርች ስንመለስ ቆመህ ስታንጋጥጥ፣ ሰው ያየናል እያልኩ እጅህን እጎትት ነበር።

ስንመለስ ጓሮውን ማየት ፈለገች። የሲሚንቶ ሥራዎችህ የተሸፈኑባቸውን ጆንያዎች አንድ በአንድ አነሳች። ቀሚሷን በአረንጓዴ የውሃ ጠርሙስ ቂጥ የሠራህላትን ሴትዮ፣ የቆርኪ ዓይን ያለውን ጅብ፣ ከጎማ የሠራሃትን አህያ፣ ባለ ጃንጥላውን ሰውዬ፣ ሁሉንም አየች። ሳቀች፤ ደስ ብሏት ነው፤ ያምራሉ አለች። ቅጿን አውጥታ ማን እንደሠራቸው ጠየቀችኝ። ቤቱን ስንገዛ የነበሩ ናቸው አልኳት። ሠሪው አይታወቅም ብላ ጻፈች።

እንዲህ ያልኩት ስለለመደብኝ ነው። የጸሎት ቡድኑ ሐሙስ ሐሙስ እኛ ቤት መሰብሰብ የጀመረ ሰሞን፣ ኦቦ ፈይሳ ጓሮውን አይተው፣ የቸርች ሽማግሌ አይደሉ፣ ጸሎት በሚጸለይበት ግቢ ምስል ደስ አይልም አሉ። እኔም ደንግጬ የድሮው ባለቤት ነው ትቷቸው የሄደው አልኩ። አንተ ከግድግዳው ጀርባ ሲሚንቶ ታቦካ ነበር። ሰምተሃል። እጅህን ታጥበህ መጥተህ ሁሉንም ሰላም አልክ። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ጆንያውን የምታለብሳቸው ራስህ ነበርክ። አንድም ቀን አላነሳህብኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጫልቱ የገለጠችውን መልሼ ሳልሸፍን ሐሙስ ደረሰ። ኦቦ ፈይሳ እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ጓሮ ዞሩና ቀሩ። ብወጣ ባለ ጃንጥላው ፊት ቆመዋል። ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ፣ ጃንጥላውን ብብቱ ውስጥ የሸጎጠ፣ አፍንጫው የጎላ፣ ከመታመምህ በፊት በነበረው ዓመት የጨረስከው ሰውዬ። ብዙ አዩት።

"ኣዴ፣ ይሄ እኔ ነኝ እንዴ?" አሉ።

የድሮው ባለቤት እኚህን ሰው በዓይኑ አይቷቸው አያውቅም። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ። መሸሻ አጣሁና ባለቤቴ ነው የሠራው፣ ሁሉንም እሱ ነው የሠራቸው አልኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን አፍንጫውን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው፣ እዚህ ላይ ትንሽ አብዝቶታል ብለው ገቡ። በጸሎቱ መካከል ሳቃቸውን ሲያፍኑ ሰማኋቸው።

ዓርብ ጠዋት በባጃጅ ተማሪዎቹ ያረፉበት ቤት ሄድኩ። ወደ እጃጂ ሊወጡ ዕቃ እየጫኑ ደረስኩባቸው። ጫልቱን ዋሽቼሻለሁ አልኳት። ቅጹን ፈልጋ አይታወቅም የሚለውን ሰረዘችው፤ ስምህን ከነአባትህ አስጻፍኳት። ሥራውስ ስትለኝ፣ ከጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል በጡረታ የወጣ አልኳት። ባጃጁ ጋ ከደረስኩ በኋላ እሱ ብቻ አልበቃኝም። ተመልሼ ሰው አስመስሎ መሥራት የሚያውቅ ብለሽ ጨምሪበት አልኳት። ጨመረች።

ከሴትዮዋ ቀሚስ ሁለት ጠርሙስ ወድቋል፤ ሌንሳ ስትመጣ አብረን እንለጥፈዋለን። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ማን ሠራቸው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ዘመድም ይሁን እንግዳ፣ ስምህን እነግረዋለሁ። ቃሌ ነው።

ያምራሉ፣ የሌንሳ አባት። ተማሪዋ ሳትለው በፊት እኔ ልልህ ይገባኝ ነበር።

የሌንሳ እናት